በደረቅ አገር የሚበቅለውን እህል ከሰማይ በተነሣ ሥዕል ለይቶ ስለ ማወቅ

በአገራችን በየዓመቱ ምን ያህል መሬት በጤፍ፥ ምን ያህሉ በማሽላ፥ ምን ያህሉስ በስንዴና በገብስ እንደሚሸፈን ማወቅ ለመንግሥትም ለነጋዴም ለገበሬም የሚጠቅም ነገር ነው። ዝናም በማይጓደልበት ደጋ ይህን ነገር ከአጨዳ በኋላ ቢያውቁትም ብዙ ጉዳት የለውም። ዝናሙ አንድ ዓመት መጥቶ አንድ ዓመት በሚቀርበት አገር ግን፥ ይኸውም በዋግ፥ በራያና በቆቦ፥ በተከዜም ቆላ፥ በመስከረም ማወቅና በታኅሣሥ ማወቅ እኩል አይደለም። በመስከረም የታወቀ ጉድለት እህል ከሌላ ስፍራ ለማጓጓዝ ጊዜ ይሰጣል፤ በታኅሣሥ የታወቀው ግን ሰዉን ከቤቱ ወጥቶ በመንገድ ላይ ያገኘዋል።

በአዲስ አበባ፥ በልደታ፥ በሜክሲኮ አደባባይ የሚመላለስ ሰው እህልን የሚያውቀው በጆንያ ወይም በእንጀራ መልክ ነው። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ አዳራሹን ያቆመው በዚሁ በሜክሲኮ ሰፈር ነበር፤ በዚያም ገዢ እህሉን በዓይኑ ሳያይ በደረጃው ብቻ የሚገዛበት ሥርዓት ተጀመረ። ነገር ግን ገበያ የሚያውቀው ከአውድማ በኋላ ያለውን ነው። ከአውድማ በፊት፥ እህሉ ገና ቡቃያ ሳለ፥ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለውን የቆቦን እርሻ አዲስ አበባ ተቀምጦ ማየት እንዴት እንደሚቻል፥ የማይቻለውም ነገር ምን እንደ ሆነ ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

አስቀድሞ የነበረውና ዛሬም ያለው ዘዴ የእግር ዘዴ ነው። ቀድሞ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፥ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት ከአገሩ ሁሉ ጥቂት ቀበሌዎችን በዕጣ ይመርጣል፤ ቆጣሪዎቹም ወደዚያ ሄደው የገበሬውን ማሳ ይለካሉ። እህሉ በደረሰ ጊዜ ከማሳው ውስጥ አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ቦታ ከልለው ያጭዳሉ፥ ይወቃሉ፥ ይመዝናሉ። ከዚያ በኋላ የጥቂቱን ምርት ለብዙው በማስላት የአገሩን ሁሉ ያገኙታል። ይህ ሥራ በላብ የተገኘ ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባውም፤ ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። መልሱ የሚደርሰው እህሉ ከታጨደ በኋላ ነው፤ በዕጣ ያልወጣው ቀበሌም በቁጥሩ ውስጥ በስሙ አይታይም።

ቁጥር ዘግይቶ መድረሱና ቁጥር አለመታመኑ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ታይቷል። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ከአምስት ሚሊዮን በላይ የሆነ ሕዝብ የሚበላው እንደሚያጣ አስታውቆ ነበር። ለጋሾቹ መንግሥታት ግን ቁጥሩን ተጠራጠሩት። ከቆረም የተነሣው ተንቀሳቃሽ ሥዕል በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው ዓለም የተነሣው፤ በመጋቢትና በጥቅምት መካከል ሰባት ወር አለ። አሜሪካኖች በዚያው ወራት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም.፥ ረኀብን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ድርጅት ያቆሙት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ከመሣሪያዎቹም አንዱ ከሰማይ የሚነሣው ሥዕል ሆነ።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንመለስ። ምድርን እየዞረች ሥዕል የምታነሣ የመጀመሪያይቱ የላንድሳት ሳተላይት የተላከችው ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የሶቭየት ኅብረት ስንዴው እንደ ጎደለበት ለማንም ሳይነግር ከአሜሪካ ነጋዴዎች ብዙ እህል ገዝቶ ስለ ነበር፥ አሜሪካኖቹ የሌላውን አገር እርሻ ከሰማይ ለመቁጠር ተጣጣሩ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. የሶቭየትን የስንዴ ምርት በዚህ መንገድ ወደ እውነተኛው ቁጥር አቅርበው ለመገመት ቻሉ። እንግዲህ ይህ ጥበብ የተወለደው ለተራበ ሰው በማዘን ብቻ አይደለም፤ የእህል ነጋዴ ፍርሃትም አባቱ ነው።

ሳተላይቷ ቡቃያን ከባዶ መሬት የምትለየው በብርሃን ነው። የፀሐይ ብርሃን በቅጠል ላይ ባረፈ ጊዜ ቅጠሉ ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ይወስደዋል፤ ከቀይ ቀጥሎ ያለውንና ታሕተ ቀይ የሚባለውን፥ የሰው ዓይን የማያየውን ብርሃን ግን ወደ ሰማይ ይመልሰዋል። ባዶ አፈር እንዲህ አያደርግም፤ ሁለቱንም በተቀራረበ መጠን ይመልሳል። ስለዚህ ከታሕተ ቀዩ ላይ ቀዩን ቀንሶ፥ የተረፈውን ለሁለቱ ድምር በማካፈል የልምላሜ ልክ የሚባል ቁጥር ይገኛል። መምህሩ በሰሌዳ ላይ እንዲህ አድርጎ ሊያሳየው ይችላል። ከአንድ የለመለመ የማሽላ እርሻ ከመቶው 40 እጅ ታሕተ ቀይ፥ 8 እጅ ቀይ ተመለሰ እንበል። ከ40 ላይ 8 ሲነሣ 32 ይሆናል፤ ድምራቸው 48 ነው፤ 32 ለ48 ሲካፈል 0.67 ይወጣል። ከባዶ አፈር ደግሞ 25 እጅ ታሕተ ቀይ፥ 20 እጅ ቀይ ተመለሰ እንበል። ልዩነቱ 5፥ ድምሩ 45፥ የልምላሜውም ልክ 0.11 ነው። ቁጥሩ ወደ አንድ በቀረበ መጠን ምድሪቱ በቅጠል ተሸፍናለች ማለት ነው።

ሥዕሉ እንደ ዳማ ገበታ በአራት ማዕዘን ቤቶች የተከፋፈለ ነው፤ ለያንዳንዱም ቤት አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጠዋል። የቤቱ ስፋት ታዲያ ለአገራችን ገበሬ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጥማድ የሄክታር ሩብ፥ ማለት 2,500 ካሬ ሜትር ያህል ነው ብንል፥ ለብዙ ዓመት ድርቅን ለመከታተል ሲሠራበት የኖረው ሥዕል ቤቱ በያንዳንዱ ጎን 250 ሜትር ስለ ሆነ በአንድ ቤት ውስጥ 25 ጥማድ ይገባል። የጤፉም የማሽላውም የሽንብራውም የጎረቤትም የግጦሹም መሬት ተደባልቆ አንድ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። የላንድሳት ቤት 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ ስለዚህ በጥማዱ ውስጥ ሦስት ቤት እንኳ አይሞላም። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ አውሮፓውያን የላኩት ሴንቲኔል 2 የተባለው ግን ቤቱ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ አንድ ጥማድ 25 ቤት ያገኛል ማለት ነው፤ ከዳር ያሉት ከጎረቤት ማሳ ጋራ ቢደባለቁ እንኳ ከመካከል ያሉት ንጹሕ ሆነው ይቀራሉ። አገራችንም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር የመጀመሪያይቱን የራሷን ሳተላይት ልካለች፤ ክብደቷ 72 ኪሎ፥ የሥዕሏም ቤት 13.75 ሜትር ነበር፤ የሥዕሉ መቀበያም በእንጦጦ ተተከለ።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ልምላሜን እንጂ የእህልን ስም አይናገርም። የጤፍና የስንዴ ማሳ በነሐሴ መጨረሻ ከሰማይ ሲታዩ የሁለቱም ልክ ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል። ስሙን ለማግኘት የሚረዳው ዘመኑን መከተል ነው። ሴንቲኔል 2 ሁለት ሆነው እየተፈራረቁ በየአምስት ቀኑ ስለሚመለሱ፥ አንዱ ማሳ ከዘር እስከ አጨዳ ያለፈበት መንገድ እንደ ኮረብታ መስመር ተሥሎ ይታያል፤ ሽቅብ ይወጣል፥ ከጫፍ ይደርሳል፥ ቁልቁል ይወርዳል። በቆቦ ረዥሙ ማሽላ ዝናሙ ከቀናው በሚያዝያ ተዘርቶ እስከ ኅዳር ይቆማል፤ የእርሱ ኮረብታ ሰፊ ነው። በሐምሌ ሽልሻሎ ሲደረግ ቡቃያው ስለሚሳሳ መስመሩ ለጥቂት ቀን ዝቅ ሊል ይችላል። ጤፍ ደግሞ በሐምሌ ተዘርቶ በጥቅምትና በኅዳር ስለሚታጨድ ኮረብታው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። ሽንብራው ክረምቱ ካለፈ በኋላ በቀረው እርጥበት ስለሚበቅል ሌሎቹ ሲወርዱ እርሱ ይወጣል። ሽማግሌዎች ይህን ለመማር ሳተላይት አላስፈለጋቸውም፤ ሥዕል አንባቢው ግን ከእነርሱ ሊማረው ይገባል።

ከዚህም ጋራ ገበሬው ራሱ በየዓመቱ አሳቡን እንደሚለውጥ ማስተዋል ያስፈልጋል። የሚያዝያ ዝናም በቀረ ጊዜ ረዥሙን ማሽላ ትቶ እስከ ሐምሌ ይጠብቅና ቶሎ የሚደርሰውን ጤፍ ይዘራል። ስለዚህ የዓምናው ካርታ ለዘንድሮ አያገለግልም። ደግሞም ይህ ለውጥ ራሱ ወሬ ነው፤ በአንድ ወረዳ የማሽላው ማሳ በድንገት ጤፍ ሆኖ ከታየ፥ በዚያ አገር የበልጉ ዝናም እንዳልቀና ማንም ሳይናገር ታወቀ። የአገዳው መኖ እንደሚጎድል፥ ከብቱም እንደሚቸገር ከዚያው ይገመታል።

በዚህ ስፍራ ስለ ሌላይቱ ሜክሲኮ ጥቂት እንናገር። በልደታ ያለው አደባባይ ስሙን ያገኘው ከሜክሲኮ አገር ነው፤ ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ሜክሲኮ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ተቃውማ ወረራውን አላጸደቀችም ነበርና። በዚያም አገር ዋና ከተማ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይ አለ። ከዚያች አገር በስተ ሰሜን፥ በሶኖራ፥ ያኪ የሚባል በረሃ የከበበው ሸለቆ ይገኛል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. የኖቤልን የሰላም ሽልማት የተቀበለው ኖርማን ቦርሎግ አዳዲስ የስንዴ ዘሮችን የፈተነው በዚያ ሸለቆ ነው፤ በአገራችን ኩብሳ የተባለው ስንዴም ምንጩ በሜክሲኮ ካለው ዓለም አቀፍ የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል ነው። ያኪ ደግሞ የስንዴን ምርት ከሰማይ በተነሣ ሥዕል ለመገመት ጥሩ መማሪያ ሆነ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ስንዴው የሚበቅለው ዝናም በሌለበት ወራት በመስኖ ስለ ሆነ ደመና ሥዕሉን አይሸፍነውም፤ ማሳዎቹ ሰፋፊና በመስመር የተቀመጡ ናቸው፤ ብዙው መሬት አንድ ዓይነት እህል ብቻ ይዘራበታል፤ ከመስኖው ውጭ ያለው ምድር ደግሞ ቡናማ በረሃ ስለ ሆነ ልምላሜ የታየበት ሁሉ እርሻ ነው።

የእኛ ክረምት እርሻ ግን ከዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ሌላ አገር የተፈተነውን የካርታ አሠራር አምጥቶ እንዳለ በዋግ ላይ መዘርጋት የማይሆነው ስለዚህ ነው፤ በያኪ ልክ የተሰፋ ልብስ ለሰቆጣ ገደል አይስማማም። ያኪን የሚመስለው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽና በሌሎችም ቆላዎች የተስፋፋው የበጋ መስኖ ስንዴ ነው። በኅዳር አካባቢ ተዘርቶ እስከ መጋቢት ስለሚቆይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ በደረቀው ምድር መካከል አረንጓዴው ማሳ ጎልቶ ይታያል። ስለ በጋው ስንዴ ስፋት ክርክር ሲነሣ፥ ክርክሩን ከማንም አንደበት ይልቅ ሥዕሉ ሊፈታው ይችላል ብለን እናምናለን። ቢሆንም በአፋር ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ በበጋም ስለሚለመልም አንድ ቀን ብቻ የተነሣ ሥዕል ዛፉን ከስንዴው ሊያደባልቀው ይችላል፤ ዛፉ ግን በመጋቢት አይታጨድምና ወራቱን የተከተለ ሰው ይለየዋል።

ሥዕሉ የሚያሳስትባቸውን ነገሮች ሳይሰውሩ መናገር ይገባል። ደመና አንደኛው ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ፥ እህሉ በሚያድግበት ዋና ጊዜ፥ የተነሣው ሥዕል ብዙ ጊዜ ነጭ ደመና ብቻ ይሆናል። ለዚህ በራዳር የሚያነሡ ሳተላይቶች አሉ፤ የራሳቸውን ሞገድ ወደ ምድር ልከው የሚመለሰውን ስለሚለኩ ደመናም ሌሊትም አይከለክላቸውም፤ ሥዕላቸውን ማንበብ ግን ይከብዳል፥ ተራራማ በሆነ አገርም የበለጠ ይከብዳል። አፈሩም ያታልላል፤ ዋልካ መሬት ውኃ ጠጥቶ ሲጠቁር ጥቂቱን ቡቃያ ብዙ አስመስሎ ያሳያል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን አረሙ ነው። በራያና በቆቦ ገበሬ ቅንጨ አረም የሚለው መጤ ተክል ማሽላው በተጎዳበት ማሳ ላይ በርትቶ ሲለመልም ይታያል። ከሰማይ ቁጥሩ መልካም ነው፤ ከምድር ግን ማሳው ጠፍቷል። አቀንጭራም ከሥር ሆኖ ማሽላውን ሲመጠው ቅጠሉ ለጊዜው አረንጓዴ ሊመስል ይችላል። ዝናሙ በመስከረም መጀመሪያ ቢቋረጥ ደግሞ ማሽላው አገዳውንና ቅጠሉን ይዞ ይቆማል፥ ነገር ግን ፍሬ አይቋጥርም፤ ቁጥሩ ለምለም ይላል፥ ጎተራው ባዶ ይሆናል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በራያና በቆቦ ሜዳ ላይ ባረፈ ጊዜ የልምላሜው መስመር መውረዱ አልቀረም፤ በጥቅምት ግን የአጨዳም መስመር ይወርዳል። ከሰማይ ሆኖ አጫጁንና አንበጣውን መለየት ቀላል አይደለም።

የዚህ ስሕተት ጉዳት በወረቀት ላይ አይቀርም። በ2001 ዓ.ም. በትግራይ፥ አዲ ሐ በተባለ ቀበሌ፥ 200 ቤተ ሰቦች ለጤፋቸው የድርቅ ዋስትና ገብተው ነበር፤ ገንዘብ የሌላቸውም አረቦኑን በጉልበት ሥራ እንዲከፍሉ ተፈቀደላቸው። ዝናሙ መጉደሉ የሚታወቀው በሳተላይት በተገመተው መጠን እንጂ ገማች ወደ ማሳው ሄዶ አይደለም። ዘዴው ወጪ የሚቀንስና ለአድልዎ የማይመች ስለ ሆነ ልናመሰግነው ይገባል፤ ነገር ግን ሳተላይቷ ዘንቧል ባለችበት ማሳው የደረቀበት ገበሬ ካሣ አያገኝም። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው በተገለጠ ጊዜም፥ አጠቃላዩ ድርቅ ከሰማይ በግልጽ ይታይ ነበር፤ በዚያ ውስጥ የትኛው ቀበሌ ከየትኛው ይልቅ እንደ ተጎዳ ለይቶ መናገር ግን የምድር ምስክር የሚያስፈልገው ሥራ ነው።

ምስክር ስንል እንዲህ ማለታችን ነው። ካርታ ሠሪው በአንድ ወረዳ ውስጥ ስማቸው በእርግጥ የታወቀ ማሳዎች ያስፈልጉታል፤ ይህ ማሽላ ነው፥ ይህ ጤፍ ነው፥ ይህ ጾም ያደረ መሬት ነው የተባለበትን ስፍራ ከሥዕሉ ጋራ አስተያይቶ የያንዳንዱን ኮረብታ መልክ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ያልታወቁትን በታወቁት ይመረምራል። ከታወቁት ግማሹን ደብቆ ያቆይና በመጨረሻ ካርታውን ይፈትንበታል፤ ከመቶ ስንቱን በትክክል እንደ ሰየመ በዚህ ይታወቃል። የታወቁት ማሳዎች ሁሉ በመኪና መንገድ ዳር ብቻ የተመረጡ ከሆኑ ካርታው የመንገድ ዳር ካርታ ነው። ከመንገድ ርቆ ያለውን ማሳ የሚያውቁት ደግሞ የመንደሩ መምህርና የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው።

ሽማግሌዎች መሬት የሚለካ ሰው ሲያዩ መጠርጠራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀላድ በተጣለበት ዘመን ልኬት ግብርን አስከትሎ መጥቷል፤ መሬቱም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያለፈበት ጊዜ ነበረ። ስለዚህ መምህሩ ማንንም ሳይደብቅ ሊያስረዳ ይገባዋል፤ ለዚህ ሥራ የሚጻፈው የእህሉ ስምና የስፍራው ምልክት ነው፤ የባለ ማሳው ስም አያስፈልግም፥ መጻፍም የለበትም። ባለቤቱ ካልፈቀደ ማሳው ይቅር፤ ሌላ ማሳ አይጠፋም።

አጻጻፉም እንዲህ ነው። ዛሬ ስፍራን የሚያመለክት ቁጥር በብዙ ስልክ ላይ ይገኛል፤ ቁጥሩ የሚወሰደው በማሳው መካከል ቆሞ እንጂ በዳሩ ቆሞ አይደለም፤ ከዳር የተወሰደ ቁጥር በጎረቤት ቤት ላይ ሊያርፍ ይችላልና። ቢቻል ማሳው ከአንድ ጥማድ የማያንስ ይሁን። ከቁጥሩ አጠገብ የእህሉ ስም፥ ማሽላም ከሆነ ረዥሙ ወይም ቶሎ የሚደርሰው መሆኑ፥ የተዘራበት ቀን፥ ያዘረዘረበት ሳምንት፥ የታጨደበትም ቀን በደብተር ይጻፋል። ቀኑ በአገራችን አቆጣጠር ቢሆን ይሻላል፤ ገበሬው ያን ያስታውሳል፥ መለወጡ የካርታ ሠሪው ሥራ ነው። አረም የበዛበት ማሳ ሲገኝ አረሙ በስሙ ይጻፍ። ማሽላና አደንጓሬ ተደባልቀው በተዘሩበት ማሳ ሁለቱም ስም ይጻፋል፤ አንዱን መምረጥ ካርታውን ያጣምመዋል። የመጀመሪያው ዘር በድርቅ ጠፍቶ በላዩ ሌላ የተዘራበት ማሳ ሲገኝ ደግሞ የጠፋው እህል ስም ከነቀኑ አይፋቅም፤ ከአዲሱ ስም በላይ እንዳለ ይቀመጣል።